ሳይነስ ምን በደለ?

ለሳይነስ ጥብቅና የሚቆምለት ሰው ከጠፋ እኔ ልቁምለት። ሳሪስ አካባቢ አንዲት መድኃኒት ቤት ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ነው የምውለው፤ ስሙ ሳይነሳ የሚያልፍ ቀን የለም። አንዷ ቀኝ ቅንድቧን በመዳፏ ደግፋ ትገባና «ሳይነሴ ተነሳብኝ፤ አሞክሳሲሊንና ዲክሎ ስጪኝ» ትላለች። ሌላው ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ፣ ግማሽ ፊቱን አጨማዶ «ያው ሳይነሴ ነው» ይላል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ «ዶክተር» እያሉ ይጠሩኛል፤ ምርመራውን ግን ቤታቸው ጨርሰውት ነው የሚመጡት። ከእኔ የሚፈለገው መድኃኒቱን ከመደርደሪያ ማውረድና ሒሳብ መቀበል ብቻ ነው።

እስቲ ተከሳሹን እንየው። ሳይነስ በግንባራችንና በጉንጫችን አጥንት ውስጥ ያለ አየር የሞላው ክፍተት ነው። ሲቆጣ ምልክቱን አይደብቅም። አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋንን ተከትሎ ይመጣል፤ አፍንጫ ይደፈናል፣ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ ይወርዳል፣ ማሽተት ያስቸግራል፣ አንዳንዴም ትኩሳት አለው። ማክሰኞ ጠዋት ግራውን ግማሽ ራስ ይዞ፣ አስመልሶና አስተኝቶ፣ ረቡዕ ማታ ለቆ የሚሄድ፣ ከዚያም የወር አበባ ሲቃረብ ቀኑን ጠብቆ የሚመለስ ሳይነስ ግን አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት «የሳይነስ ራስ ምታት አለብኝ» የሚሉ ወይም ሐኪም እንዲያ ያላቸውን ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች መርምሮ ነበር። ከመካከላቸው 88 በመቶው የነበረባቸው የማይግሬን ዓይነት ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ስህተቱ የሳሪስ ሰው ብቻ አይደለም።

ስህተቱ ለምን እንደሚፈጠርም ይገባኛል። ማይግሬን ሲነሳ ብዙ ሰው አፍንጫው ይታፈናል፤ ዓይኑም ያነባል። የፊትን ስሜት ለአንጎል የሚያደርሰው ትራይጀሚናል የተባለው ነርቭ ሲነሳሳ የእንባና የአፍንጫ ዕጢዎችን ጭምር ይቀሰቅሳል። ሕመሙ ከዓይን ጀርባ፣ አፍንጫው የታፈነ ሲሆን ማንም ሰው ሳይነስ ቢል አይፈረድበትም። የሚፈረድበት አንቲባዮቲኩን የሚያወርደው ነው።

እኔ አሞክሳሲሊኑን ከማውረዴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ራስዎን ሲያምዎት ያቅለሸልሽዎታል? ብርሃን ያስጠላዎታል? ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ በራስ ምታቱ ምክንያት ቢያንስ አንድ ቀን ሥራዎን ወይም የቤት ጉዳይዎን መሥራት አቅቶዎት ያውቃል? ጥያቄዎቹ የእኔ ፈጠራ አይደሉም፤ በየአገሩ ጤና ተቋማት የሚሠራባቸው ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ «አዎ» ከሆኑ ነገሩ ማይግሬን የመሆኑ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። መጠየቁ የሚፈጀው ጊዜ በካርድ ማሽን ከመክፈል አይበልጥም።

ማይግሬን የአንጎል በሽታ ነው። በጭንቀት ብዛት የሚመጣ ጠባይ አይደለም፤ የሴት ቅብጠትም አይደለም፤ ምንም እንኳ ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ቢያጠቃም። በቤተሰብ ውስጥ ይወርዳል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ራስን ይዞ ትር ትር ይላል፤ ደረጃ ሲወጡ ይብሳል። ያ ትራይጀሚናል ነርቭ ሲነሳሳ ሲጂአርፒ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ በአንጎል ሽፋን ላይ ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ የሕመሙ መስመር ይጋጋላል። ይህን መንገድ ፈልቅቀው ያወጡ አራት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ብሬይን ፕራይዝ የተባለውን ትልቅ ሽልማት ተሸልመውበታል።

የውጭ አገር ሰው በሽታ የሚመስለውም አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ ቤት ለቤት ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን የነበረባቸው አዋቂዎች 17.7 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። መገናኛ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ የሚነሳ ሚኒባስ ቢታሰብ፣ ሁለቱ ተሳፋሪዎች ይህ በሽታ አለባቸው እንደ ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው የያዘ ሌላ በሽታ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ሁሉ ፖስተር በተለጠፈበት ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ማስታገሻ የምንሸጥበት መንገድ!

አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ ባንክ ገንዘብ ተቀባይ ናት። መጀመሪያ የምትወስደው አራት ፍሬ ኢቡፕሮፌን ነበር። ቀጥሎ አንድ ስትሪፕ። ከዚያ በየሁለት ቀኑ። መሳቢያዋ ውስጥ ከስቴፕለሩ አጠገብ አይጠፋም፤ ጠዋት ራሷን ከማመሙ በፊት «እንዳያመኝ» ብላ መዋጥ ጀመረች። በመሃል ቨርጂኒያ ያለች የአክስቷ ልጅ ኤክሰድሪን በትልቅ ብልቃጥ ላከችላት። የውጭ መድኃኒት ስለሆነ ሌላ ነገር ነው ብላ ከእኔው ፓራሲታሞል ጋር ደርባ ትወስደዋለች። ብልቃጡን አምጪው አልኳትና ጀርባውን አብረን አነበብነው። በአንዱ ፍሬ ውስጥ 250 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል፣ 250 ሚሊ ግራም አስፕሪንና 65 ሚሊ ግራም ካፌይን አለ። ስለዚህ ፓራሲታሞሉን ሁለት ጊዜ እየወሰደች፣ በላዩ ላይ የቢሮ ማኪያቶዋን እየጨመረች ነበር።

እንዲህ ያለው አወሳሰድ ራሱ ራስ ምታት ይፈጥራል። ፓራሲታሞልን፣ ኢቡፕሮፌንን ወይም ዲክሎፌናክን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትራማዶልን፣ ኤርጎታሚንን ወይም እንደ ኤክሰድሪን ያለውን ድብልቅ ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ የወሰደ ማይግሬን ያለበት ሰው መድኃኒቱ ያመጣው ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። አመመኝ ብሎ ይውጣል፣ ስለዋጠም ያመዋል። መውጫው ማቆም ነው፤ ሲያቆሙት ግን ለቀናት ይብሳል፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። ትራማዶል የለመደ ደግሞ ብቻውን በድንገት ማቆም የለበትም፤ ሐኪም እየቀነሰ ያስቆመዋል።

ለልጅቷ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን የለኝም። ያደረግኩት ከመድኃኒት ካርቶን የኋላ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ ያመማትን ቀንና የዋጠችውን እንድትጽፍ መስጠት ነው። በወሩ ይዛው መጣች። ሳጥኖቹ ጠቁረው ነው የመጡት። ያንን ካርቶን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ጤና መኮንኑም ሌላ ምንም ሳያስፈልገው ገባው።

በነገራችን ላይ ዲክሎ የሚልጠው ጨጓራ የኦሜፕራዞል ደንበኛ ይሆናል። እኛም ሁለቱንም እንሸጣለን። ዳማከሴ አሽቶ የሚያሸት ሰው ሲመጣ ባልደረቦቼ ይስቃሉ፤ እኔ አልስቅም። ዳማከሴ ቢያንስ ጨጓራ አይልጥም።

ማስታገሻ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በጊዜውና በበቂ መጠን ከተወሰደ ይሠራል። የሰው ልማድ ግን ተቃራኒው ነው፤ «እስቲ ልቻለው» ብሎ እስኪያስመልሰው ይጠብቅና አንዲት ፍሬ ፓራሲታሞል ይውጣል። ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራውን ያቀዘቅዛል፤ ዘግይቶ የተዋጠ ክኒን እዚያው ይቀመጣል። ጨጓራና ኩላሊቱ ደህና የሆነ አዋቂ ገና ሲጀምረው 400 ሚሊ ግራም ኢቡፕሮፌን ወይም 900 ሚሊ ግራም አስፕሪን ምግብ ቀመስ አድርጎ ቢወስድ፣ ሐኪም ካዘዘለትም ማቅለሽለሹን የሚያቆመውን ፕላዚል ቢጨምር፣ ብዙ ጊዜ ዲክሎ መርፌ ፍለጋ አይዞርም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ኢቡፕሮፌኑም አስፕሪኑም ይቅር፤ መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ።

ለማይግሬን ተብሎ የተሠራው ሱማትሪፕታን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። እኔ መደርደሪያ ላይ ግን አልፎ አልፎ ቢመጣ ነው። ስለዚህ ለሰው የሚደርሰው ዘመድ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ሲመጣ ነው፤ ልብ ሕመም ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት እንዳለበት የሚጠይቀው ሳይኖር። መጠየቅ ነበረበት፤ ሱማትሪፕታን የደም ሥር ያጠባል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን እጃችን ላይ ያለውን አለመጠቀማችን ነው። በወር ከአራት ቀን በላይ የሚያመው ሰው ሲያመው የሚዋጥ ብቻ ሳይሆን እንዳይነሳበት በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ይገባዋል። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ሁለቱም አሮጌ ናቸው፣ ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያም ሊያዛቸው ይችላል። በየሳምንቱ ለማስታገሻ የሚወጣው ገንዘብ ይበልጣቸዋል። አስም ያለበት ፕሮፕራኖሎል አይወስድም። አሚትሪፕቲሊን ያስተኛል፣ አፍ ያደርቃል፣ ስለዚህ ማታ በትንሹ ይጀመራል። ሁለቱም ውጤታቸው የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ነው፤ የሚያመው ቀን በግማሽ ከቀነሰ ተሳክቷል ይባላል። ይህን ማንም ስለማይነግረው ሰው በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል።

ወይም መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ ያነባል። አንዲት እናት፣ ሰፈር ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ አሚትሪፕቲሊናቸውን ከሦስት ቀን በኋላ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይኸን መልሺልኝ።»

«ምነው እትዬ፣ አልተስማማዎትም?»

«ልጅቷ ስልኳ ላይ ፈልጋ አየችው። ለድብርት ነው ይላል። ያቺ ሐኪም እኔን እብድ አደረገችኝ እንዴ? እኔ ራሴን ነው ያልኳት!»

አስፕሪንስ ራስዎን ሲያምዎት ወስደው አያውቁም? አልኳቸው። ወስደዋል። ባለቤትዎስ በየቀኑ የሚውጡት ለምንድን ነው? ለልብ። እንግዲህ አንድ መድኃኒት ሁለት ሥራ ይዞ ማደር ይችላል፤ ይኸኛውም በትልቁ ሲወሰድ ለድብርት፣ በትንሹ ሲሆን የሕመሙን መስመር ለማብረድ ነው። ጥቂት አሰቡና ስትሪፑን ወደ ነጠላቸው ጥለት መልሰው ቋጠሩት። ይህን ማስረዳት የነበረበት ያዘዘው ሰው ነው። ግን ደጁ ላይ ወረፋ የተሰለፈበት ሐኪም ላይ አልፈርድም። ማስረዳት የእኛም ሥራ ነው፤ ለዚያም ነው የተማርነው።

ቀልድ የማላውቅባቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንዳንድ ሰው ራስ ምታቱ ከመነሳቱ በፊት ዓይኑ ፊት ዚግዛግ መስመር ወይም ብልጭታ ያያል፣ ወይም ግማሽ ፊቱንና እጁን ውርር ያደርገዋል። ይህ ቅድመ ምልክት ያላት ሴት ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን መውሰድ የለባትም፤ ለስትሮክ ያጋልጣታል፣ ሲጋራ ከታከለበት የበለጠ። የሦስት ወሩ መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው ኢስትሮጅን የላቸውም፤ አማራጭ አለ ማለት ነው። ክኒኑን ግን ማንም ሳይጠይቅ ነው የሚሸጠው። ሁለተኛው ኤርጎታሚን የተባለው የማይግሬን መድኃኒት ነው። ሪቶናቪር ካለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ከተወሰደ ደም ሥር አኮማትሮ ጣት እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ኤርጎታሚን የምትፈልግ ሴት ሌላ የምትወስደውን መድኃኒት ወረፋ ፊት ጮክ ብላ አትነግረኝም፤ ስለዚህ ወደ ጥግ ጠርቼ ነው የምጠይቀው።

ግማሽ ራስ የሚይዝ ሁሉ ደግሞ ማይግሬን አይደለም። አንድ የግቢ ጥበቃ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሌሊት በሌሊት በዚያው ሰዓት፣ ቀኝ ዓይኑን በቢላ የሚወጉት ያህል እያመመው እንደሚነሳ ነገረኝ። ዓይኑ ይቀላል፣ ያነባል፣ ቆቡ ይወርዳል፤ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይለቀዋል። ማይግሬን ያለበት ሰው መጋረጃ ዘግቶ ፀጥ ብሎ ይተኛል። እሱ ግን መቀመጥ አይችልም፤ ግቢውን ይዞራል፣ ራሱን ከብሎኬቱ ጋር ያጋጫል። ያዩት ሰዎች ጠበል ወስደውታል። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ግን ይህ ክላስተር የሚባል ራስ ምታት ነው፣ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፣ ማስታገሻ ክኒን ደግሞ ሳይሟሟ ሕመሙ ያልቃል። የሚያቆመው ኦክስጅን ነው። በጭንብል በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር፣ ለ15 ደቂቃ። እንዳይመላለስ ደግሞ ሐኪም ልቡን መርምሮ ቬራፓሚል ያዝለታል። ኦክስጅን ሲሊንደር በየሆስፒታሉ አለ፤ ራሱን ያመመው ሰው እንዲሰጠው የሚያስብ ነው የጠፋው።

ፊቱን ሲታጠብ ወይም ጥርሱን ሲፋቅ ጉንጩ ላይ ኤሌክትሪክ እንደያዘው የሚያስፈነጥረው ሰውም ጥርስ ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት ያስብ። የፊቱ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ካርባማዜፒን ያበርደዋል። ጤነኛ መንጋጋ አስነቅለው ሕመሙ ግን ያልተዋቸው ደንበኞች አሉኝ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ጎን ከጆሮው ከፍ ብሎ የሚያመው፣ ሲነኩት የሚቆረቁረው፣ ሲያኝክ መንጋጋው የሚዝልበት ሰው ደግሞ ዕለቱን ሐኪም ይይ፤ የደም ሥር ቁጣ ሆኖ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በድንገት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የነካ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና አንገት መድረቅ ያለው፣ አፍ የሚያስር ወይም እጅ እግር የሚያዝል፣ በእርግዝና ወይም በአራስነት የመጣ አዲስ ራስ ምታት ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ መድረስ የለበትም። ቀጥታ ሆስፒታል።

የሚቀሰቅሰውን ነገር በተመለከተ ብዙ ምክር አልወድም፤ በሽተኛውን ጥፋተኛ ያደርገዋል። ግን ምግብ መዝለል ለማይግሬን ክፉ ነው፣ ጾም ሲገባ ባንኮኒዬ ላይ ይታወቀኛል። ቡና ለማዱ ደግሞ ካቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ያመዋል፤ ስለዚህ ጾም ከመግባቱ ቀደም ብሎ ስኒውን እየቀነሰ ቢሄድ ይቀለዋል። ስለ ጾሙ የነፍስ አባትን ማማከርም ነውር የለውም። ዕጣን የሚያነሳባት ሴት ቡና ሲፈላ በር ላይ ብትቀመጥ ጎረቤት አይቀየማት።

ስለ አለቆች ብዙ ማለት ይቻላል። «ራሷን አመማት» የሚለው ሰበብ ሆኖ ስለሚሰማቸው የሐኪም ወረቀት አምጪ ይላሉ። እያስመለሳት፣ ብርሃን እያወራት፣ ነጭ አምፖል የሚንቦገቦግበት መተላለፊያ ላይ ካርድ ለማውጣት ትሰለፋለች፤ ወረቀቱ ሲደርሳት ሕመሙም ቀኑም አልቋል። ሁለት ሰዓት ጨለማ ክፍል ቢሰጧት ከሰዓት ትሠራ ነበር።

አንድ የሙያ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀብኝ። «አንቺ ስትጠይቂ ወረፋው ይረዝማል፤ ደንበኛሽ መንገዱን ተሻግሮ ከእኔ ይገዛል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይገዛል። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤትም ባለፈው ሒሳብ ሲተሳሰብ የዲክሎው ሽያጭ ለምን እንደቀነሰ ጠየቀኝ፤ የአሚትሪፕቲሊን ስትሪፕ ላይ የሚገኘው ትርፍ እንደሆነ የሚወራለት አይደለም። ምክንያቱን ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለና፣ እናቱም በየወሩ ሳይነስ እንደሚነሳባቸው ነገረኝ። ሦስቱን ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት።